የሀዋሳው ልጅ በግብፅ ሜዳዎች

ሽመልስ በቀለ ጥቅምት 7 ቀን 1983 ዓ.ም በሀዋሳ ከተማ የተወለደ የአማካይ ስፍራ ተጫዋች ነው። እግር ኳስን በትውልድ ከተማው ክለብ በሀዋሳ ከተማ ጀመረ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጎልምሶ ወደ ሊቢያ ተሻገረ፤ ከዚያም ግብፅ ገብቶ በፔትሮጄት፣ በምስር ለልመቃሳ፣ በኤል ጉና እና በኤንፒ ክለቦች ተጫወተ። ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን፣ ለዋልያዎቹ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ተሰልፏል። ከሀገር ወጥተው የተጫወቱ ኢትዮጵያውያን ቁጥራቸው እየጨመረ ቢመጣም አንድ ወይም ሁለት የውድድር ዘመን ቆይተው የተመለሱት ይበዛሉ። ሽመልስ በግብፅ ሊግ ብቻ ስምንት ዓመት ያህል ከርሟል። በአንድ የባዕድ ሊግ እንዲህ የጸና ኢትዮጵያዊ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ የእሱ ታሪክ ከሌሎቹ የሚለየውም በዚህ ጽናት ነው።

ሀዋሳ ለኳስ የተመቸች ከተማ ናት። ከሐይቁ ዳር እስከ ታቦር ተራራ ግርጌ መሬቱ ሜዳ ነው፤ አየሩ ሞቅ ያለ ነው፤ ከተማዋ ራሷ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በዕቅድ የተቆረቆረች በመሆኗ መንገዶቿ ሰፊ፣ ክፍት ቦታዎቿም ብዙ ነበሩ። በእንዲህ ዓይነት ከተማ ልጅ ኳስ ለመጫወት ማንንም አያስፈቅድም። ጨርቅ ወይም አሮጌ ካልሲ ተጠቅልሎ በሲባጎ ይጠመጠማል፤ ሁለት ድንጋይ ግብ ይሆናል፤ ሰፈር ከሰፈር ይገጥማል። በጨርቅ ኳስ ያደገ ልጅ ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ ኳስን ከእግሩ ሥር አለማራቁ ነው። የጨርቅ ኳስ አይነጥርም፤ ርቆም አይሄድም፤ ተጫዋቹ ራሱ ይዞት መሄድ አለበት። የኢትዮጵያ አማካዮች በጠባብ ቦታ ኳስ መያዝ የሚወዱት፣ ረጅም ኳስ መምታት ግን የማይሆንላቸው ከዚህ የተነሳ ነው የሚሉ አሰልጣኞች አሉ፤ አባባሉ እውነትነት አለው።

ሽመልስ ያደገበት ዘመን ደግሞ ለሀዋሳ እግር ኳስ ወርቃማ ነበር። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ1990 ዓ.ም በአዲስ መልክ ከተጀመረ በኋላ ዋንጫው ከአዲስ አበባ ክለቦች እጅ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ያንን ሰንሰለት የበጠሰው ሀዋሳ ከተማ ነው፤ በ1996 ዓ.ም የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1999 ዓ.ም ደገመው። ሁለተኛው ዋንጫ ሲመጣ ሽመልስ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ የሰፈሩ ክለብ ሀገር ሲያሸንፍ ማየቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ትልቅ ተጫዋች ለመሆን አዲስ አበባ መወለድ እንደማያስፈልግ ያያል። ከዚያው ከተማ የወጣው አዳነ ግርማ ቀድሞ መንገዱን አሳይቶ ነበር። አዳነ ከሀዋሳ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄዶ በብሔራዊ ቡድኑ አጥቂም አማካይም ሆኖ የተጫወተ ጠንካራ ሰው ነው። ሽመልስም በዚያው መንገድ ተጓዘ፤ በሀዋሳ ከተማ ዋና ቡድን ከታየ በኋላ በሀገሪቱ ትልቁ ክለብ በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረመ።

አጨዋወቱን በአጭሩ መግለጽ ይቻላል። በአካል ግዙፍ አይደለም፤ ከተከላካይ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ የሚያሸንፍ ዓይነት ተጫዋች አይደለም። ኃይሉ ያለው ኳስ ሲቀበል ነው። ጀርባውን ለተጋጣሚ ግብ ሰጥቶ ኳስ ይቀበላል፤ በመጀመሪያው ንክኪ ሰውነቱን ያዞራል፤ ተከላካዩ ቀና ሲል ሽመልስ ፊቱን ወደ ግብ መልሷል። ከዚያ በኋላ ወይ ያታልላል ወይ በሁለት ተከላካዮች መሀል ለአጥቂው ኳስ ያሾልካል። በግራ መስመርም፣ ከአጥቂው ጀርባም መጫወት ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ተጫዋች የሀገራችን ተመልካች በጣም ይወዳል፤ ኳሱን ሲያጣ ደግሞ ይቆጣዋል።

ስሙን ከሀገር ውጪ ያወጣው ግን የክለብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። 2005 ዓ.ም ለኢትዮጵያ እግር ኳስ የተለየ ዓመት ነበር፤ የሽመልስም ሆነ የትውልዱ ዕድል የተከፈተው ያኔ ነው። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ለእ.ኤ.አ. 2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በመጨረሻው ማጣሪያ ሱዳንን ገጠመ። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸነፈ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም በአዲስ አበባ ስታዲየም በተደረገው የመልስ ጨዋታ አዳነ ግርማ እና ሳላዲን ሰዒድ አስቆጥረው 2 ለ 0 አሸነፈ። ድምር ውጤቱ 5 ለ 5 ሆኖ ኢትዮጵያ ከሜዳዋ ውጪ ባስቆጠረቻቸው ሦስት ግቦች አለፈች። ከእ.ኤ.አ. 1982ቱ የሊቢያ ውድድር ወዲህ፣ ማለትም ከ31 ዓመት በኋላ፣ ሀገሪቱ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። በዚያች ምሽት አዲስ አበባ አልተኛችም፤ ሀዋሳም አልተኛችም።

ደቡብ አፍሪካ ላይ ውጤቱ መልካም አልነበረም። ከአምናዋ ሻምፒዮን ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1፣ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 4 ለ 0 ሽንፈት፣ ከናይጄሪያ ጋር 2 ለ 0 ሽንፈት። ከዛምቢያ ጋር የተጫወቱበት ቀን ጥር 13 ነበር። በዚሁ ቀን፣ ልክ ከ51 ዓመት በፊት፣ በ1954 ዓ.ም፣ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን አንስታ ነበር። የቀኑ መገጣጠም ያኔ ብዙም አልተወራለትም፤ ሊታወስ የሚገባው ግን ነው። በ2005ቱ ቡድን ውስጥ የነበሩት ተጫዋቾች ከውጪ መልማዮች ዓይን የገቡት በዚያ ውድድርና ከዚያ በቀጠለው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው።

ያ ማጣሪያ በራሱ አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸነፉ፤ ሁሉም ቡድኑ ለመጨረሻው ዙር አለፈ ብሎ ጨፈረ። ብዙም ሳይቆይ ምንያህል ተሾመ ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋና ላይ በቅጣት ላይ እያለ መሰለፉ ታወቀና ኢትዮጵያ ያሸነፈችው ጨዋታ በፎርፌ ተወሰደባት፤ ሦስት ነጥብ ሄደ። ጭፈራው ወደ ድንጋጤ ተለወጠ። ጳጉሜን 2 ቀን በብራዛቪል መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 አሸንፋ ግን ምድቡን በ13 ነጥብ በአንደኝነት ጨረሰች፤ ደቡብ አፍሪካ በ11 ነጥብ ቀረች። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ የመጨረሻዎቹ 10 ቡድኖች አንዷ ሆነች። በመጨረሻው ዙር ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ሄደች። ለኢትዮጵያ ብቸኛዋን ግብ ያስቆጠረው በኃይሉ አሰፋ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። ሳላዲን ሰዒድ ቀድሞውንም በግብፁ ዋዲ ደግላ ይጫወት ነበር፤ ከዚያም በቤልጂየሙ ሊርስ፣ በግብፁ አል አህሊ እና በአልጄሪያው ኤም ሲ አልጀር ማሊያ ታየ። የዲላው ልጅ ጌታነህ ከበደ ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ አመራ። ኡመድ ኡክሪ ግብፅ ገባ። ሽመልስ ደግሞ መጀመሪያ ያረፈው ትሪፖሊ ነው፤ በሊቢያ ብዙ ዋንጫ በሰበሰበው አል ኢቲሃድ ክለብ። ጊዜው ግን ለኳስ የሚሆን አልነበረም። ሊቢያ ከ2003ቱ አብዮት በኋላ ሊጓን ለማንሰራራት እየሞከረች ነበር፤ ሙከራው በሀገሪቱ በተነሳው ግጭት ዳግም ተቋረጠ። ለወጣት ተጫዋች እንዲህ ባለ ቦታ መጀመር ሥራውን ሁሉ ሊያበላሽ የሚችል ነገር ነው። ሽመልስን አላበላሸውም። በ2007 ዓ.ም የውድድር ዘመን በግብፁ ፔትሮጄት ተገኘ።

የግብፅ እግር ኳስ ለኢትዮጵያ ተመልካች በሁለት ስሞች ብቻ ይታወቃል፤ አል አህሊ እና ዛማሌክ። ነገር ግን ሊጉ ከሁለቱ ጋር የሚፎካከሩ ሌላ ዓይነት ክለቦችም አሉት፤ የኩባንያና የተቋም ክለቦች ናቸው። ፔትሮጄት የነዳጅ ዘርፍ ኩባንያ ክለብ ነው፤ መቀመጫው ስዊዝ ነው። ኤንፒም እንዲሁ ከነዳጅ ምህንድስና ኩባንያ የተወለደ ነው። ምስር ለልመቃሳ በፋዩም የሚገኝ ሲሆን ባለቤቱ የአክሲዮን ግብይት የሚያወራርድ ድርጅት ነው። ኤል ጉና ደግሞ በቀይ ባህር ዳርቻ፣ ሁርጋዳ አጠገብ፣ ለቱሪስቶች የተሠራች ከተማ ክለብ ነው። እነዚህ ክለቦች ከኋላቸው የሚደግፋቸው ብዙ ሕዝብ የላቸውም፤ ገንዘብና ሥርዓት ግን አላቸው። ደመወዝ በሰዓቱ ይከፈላል፤ የልምምድ ሜዳ አለ፤ ሐኪም አለ። ለኢትዮጵያዊ ተጫዋች ይህ ብዙ ነገር ነው። የሀገራችን አንባቢም ነገሩ አይጠፋውም፤ መብራት ኃይል፣ ንግድ ባንክ፣ መከላከያ የሚባሉት ስሞች በእግር ኳሳችን የኖሩት በዚሁ ዓይነት አሠራር ነው።

በእንዲህ ዓይነት ክለብ የውጪ ዜጋ መሆን ከባድ ኃላፊነት ነው። በሊጉ ደንብ አንድ ክለብ ማስመዝገብ የሚችለው የተወሰኑ የውጪ ተጫዋቾችን ብቻ ነው። ስለዚህ የተቀመጠለትን ቦታ ያልሞላ የውጪ ተጫዋች በዓመቱ መጨረሻ በሌላ ይተካል፤ ከጋና፣ ከናይጄሪያ፣ ከአይቮሪ ኮስት፣ ከቡርኪና ፋሶ ቦታውን የሚፈልጉ ብዙ ናቸው። የሀገሬው ተጫዋች አንድ መጥፎ ወር ቢያሳልፍ ይታገሡታል፤ ከውጪ የመጣውን ግን በእያንዳንዱ ጨዋታ ይመዝኑታል። ሽመልስ ያለማቋረጥ የሚጫወት፣ የሚያቀብል፣ ግብ የሚያስቆጥር አማካይ ሆኖ በዚያ ሚዛን ላይ ዓመት ከዓመት ቆየ።

ሌላም የዘመኑ ችግር ነበር፤ ባዶ ስታዲየም። ጥር 23 ቀን 2004 ዓ.ም በፖርት ሰዒድ ከአል መስሪ እና ከአል አህሊ ጨዋታ በኋላ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። የግብፅ ሊግ ተቋረጠ፤ ሲመለስም ተመልካች አልነበረውም። የካቲት 1 ቀን 2007 ዓ.ም ደግሞ ዛማሌክ ከኤንፒ ሊጫወት ሲል ካይሮ በሚገኘው የአየር መከላከያ ስታዲየም በር ላይ በተፈጠረ ግፊያ ሌሎች በርካታ ደጋፊዎች ሕይወታቸው አለፈ። በዚህ ምክንያት ሽመልስ ከግብፅ ኑሮው ብዙውን የተጫወተው ሰው በሌለበት ስታዲየም ነው። በአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ወይም ሚስማር ተራ በሚባሉት የተመልካች ስፍራዎች በሚጮህ ደጋፊ ፊት ለጎለመሰ ተጫዋች ባዶ ስታዲየም እንግዳ ነገር ነው። የኮንክሪት ደረጃው የኳሱን ድምፅ መልሶ ያስተጋባል፤ የተጠባባቂዎች ጭብጨባ ይሰማል፤ አሰልጣኙ ከመስመር ዳር በአረብኛ የሚጮኸው እያንዳንዱ ቃል ጆሮ ይገባል። ጎል ሲገባ አብሮ የሚጮኸው የቡድኑ ሰው ብቻ ነው። የግብፅን የኳስ ፍቅር የሚያውቅ ሰው ይህ ለተጫዋች ምን ያህል እንደሚጎድልበት ይረዳል። ሽመልስ በግብፅ ጥሩ ስም ቢያገኝም ስሙ በአደባባይ ሳይጮኽ የቀረው በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው፤ የኖረው በቴሌቪዥን ተመልካች፣ በአሰልጣኞችና በተጋጣሚ ተከላካዮች ዘንድ ነው።

ፔትሮጄት በ2011 ዓ.ም የውድድር ዘመን መጨረሻ ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። ክለብ ሲወርድ የውጪ ተጫዋቾቹ አብዛኛውን ጊዜ ይበተናሉ። ሽመልስ ግን በከፍተኛው ሊግ ቦታ አላጣም፤ በምስር ለልመቃሳ ቀጠለ፤ ከዚያ ወደ ኤል ጉና፣ ከዚያም ወደ ኤንፒ አመራ። አንድ ተጫዋች በአንድ ሊግ ውስጥ ከክለብ ወደ ክለብ ሲዘዋወር የሚታየው ነገር ቀላል ነው፤ የሀገሩ አሰልጣኞች ያውቁታል፤ ሲለቀቅ የሚጠብቀው አለ። በግብፅ እንዲህ የታወቁ ኢትዮጵያውያን ጥቂት ናቸው።

በብሔራዊ ቡድን ደግሞ የሚረሱ የማይመስሉ ሁለት ግቦች አሉት። የመጀመሪያዋ የተገኘችው ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም በባህር ዳር ነው። ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ የመጣችው አይቮሪ ኮስት ገና በጨዋታው መጀመሪያ አስቆጠረች። ሱራፌል ዳኛቸው አቻ አደረገ፤ ሽመልስ ሁለተኛዋን ጨመረ፤ ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ። በትልልቅ የአውሮፓ ሊጎች የሚጫወቱ ተጫዋቾች ያሏት አይቮሪ ኮስት በባህር ዳር ተሸንፋ ተመለሰች። ያ ሦስት ነጥብ በመጨረሻ ዋጋው ታየ፤ በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ የሚመራው ቡድን መጋቢት 21 ቀን 2013 ዓ.ም ለካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ማለፉን አረጋገጠ። በ2005 ዓ.ም ደቡብ አፍሪካ ላይ ከተጫወተው ቡድን የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ፤ ከነሱ መካከል አምበሉ ጌታነህ ከበደ እና ሽመልስ ይገኙበታል።

ኢትዮጵያ ካሜሩን ላይ ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ ጥር 5 ቀን በአስተናጋጇ 4 ለ 1 ተሸነፈች፤ ጥር 9 ቀን ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ወጣች። ቡድኑ በአንድ ነጥብ ተመለሰ። ከ2005ቱ ጋር ሲነጻጸር የነጥቡ ብዛት እኩል ነው።

ሁለተኛዋ ግብ የተቆጠረችው በማላዊ ነው። የኢትዮጵያ ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ባለማሟላታቸው ዋልያዎቹ የራሳቸውን ጨዋታ በሰው ሀገር ለመጫወት ተገደው ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም ጋናን ያስተናገዱት ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ደግሞ ግብፅን በሊሎንግዌ፣ በቢንጉ ብሔራዊ ስታዲየም ገጠሙ። ግብፅ ከአራት ወር በፊት የአፍሪካ ዋንጫን ለፍጻሜ ደርሳ በሴኔጋል በመለያ ምት የተሸነፈች ቡድን ነበረች። መሐመድ ሳላህ በጉዳት አልነበረም፤ ከሌሎቹ ብዙዎቹ ግን የአል አህሊ፣ የዛማሌክና የፒራሚድስ ተጫዋቾች ነበሩ። ሽመልስ እነዚህን ሰዎች ያውቃቸዋል። ከየሳምንቱ ጨዋታ ያውቃቸዋል፤ የትኛው ተከላካይ ወደ ፊት ሲወጣ እንደሚዘገይ፣ የትኛው በግራ እግሩ እንደሚደክም ያውቃል። እነሱም እሱን ያውቁታል።

ዳዋ ሆቴሳ የመጀመሪያዋን አስቆጠረ። ከእረፍት በፊት ሽመልስ ሁለተኛዋን ጨመረ። ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ። በታሪክ ሲታይ ይህ ውጤት የተለየ ክብደት አለው። በ1949 ዓ.ም በካርቱም በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸንፋ ነበር፤ አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ሰው ነው። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም በሜዳዋ ብድሯን መለሰች፤ በዚያ ቡድን ውስጥ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ መንግሥቱ ወርቁና ኢታሎ ቫሳሎ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ግብፅ በአፍሪካ ብዙ ዋንጫ በማንሳት ቀዳሚ ስትሆን ኢትዮጵያ ደግሞ ከውድድሩ ርቃ ኖረች። የሊሎንግዌው ድል ያንን ርቀት አልሰረዘውም። ሆኖም ግብፅን ከግብፅ ሊግ የመጣ ኢትዮጵያዊ ሲያገባባት ማየት ለተመልካች የሚገባው ደስታ ነበር። ግብፅ አሰልጣኟን ኢሃብ ጋላልን ያሰናበተችው ከዚያ በኋላ በቀናት ውስጥ ነው፤ ጋላል ቀደም ባሉት ዓመታት ምስር ለልመቃሳን ያሰለጠነ ሰው ነበር።

ይህን ሁሉ ሲያዩ ሽመልስ በሀገሩ የሚገባውን ያህል ታውቋል ማለት ያስቸግራል። አንዱ ምክንያት የግብፅ ሊግ በኢትዮጵያ ብዙ አለመታየቱ ነው። ቅዳሜና እሁድ በሀዋሳ ፒያሳ ሻይ ቤቶች ሰው የሚሰበሰበው ለእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው፤ የአርሰናልና የማንችስተር ዩናይትድ ተጠባባቂ ሳይቀር ስሙ ይታወቃል። ከሐይቁ ዳር የተወለደ የሰፈሩ ልጅ በዚያው ሰዓት በፋዩም ወይም በስዊዝ እየተጫወተ እንደሆነ የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነበር። ሌላው ምክንያት የክለቦቹ ነው፤ ሳላዲን በአል አህሊ ሲፈርም ወሬው ሀገር አንቀጥቅጧል፤ የኩባንያ ክለብ ግን ወሬ አይሆንም። 

ከእሱ በኋላ የወጡት ወጣቶች ሌላ መንገድ ሞክረዋል። ጋቶች ፓኖም በ2009 ዓ.ም ወደ ሩሲያው አንዚ ሄደ። በፕሪሚየር ሊጉ የግብ ክብረ ወሰን የሰበረው አቡበከር ናስር በደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ፈረመ። የሩሲያ ብርድና የሰንዳውንስ የተጫዋች ብዛት ምን እንደሚያደርጉ ሁለቱም አይተዋል፤ ጉዳትም አቡበከርን ክፉኛ ፈትኖታል። ትልቅ ክለብ መግባት ትልቅ ዜና ነው፤ መጫወት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሽመልስ የመረጠው፣ ወይም ዕድሉ የመራው፣ የሚጫወትበትን ክለብ ነው። ለብሔራዊ ቡድን ሲጠራ በእግሩ ላይ ጨዋታ ነበረው፤ ሰውነቱ ዝግጁ ነበር። ከ2005 እስከ 2014 ዓ.ም ባለው ጊዜ የዋልያዎቹ አሰልጣኞች ሲቀያየሩ እሱ ከዝርዝሩ ያልጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ልጅ ከሀገር ሲወጣ ቤተሰቡና ወኪሉ ሊጠይቁት የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄም ይኸው ነው፤ እዚያ ስንት ደቂቃ ይጫወታል?

ሀዋሳ በበኩሏ ከእግር ኳሱ አልራቀችም። ከሀዋሳ ከተማ ሌላ ሲዳማ ቡናም በፕሪሚየር ሊጉ ይጫወታል። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ብቻ መካሄድ በጀመረበት ጊዜ ከአስተናጋጆቹ አንዷ ሀዋሳ ነበረች። ብሔራዊ ቡድኑም በዚያው ስታዲየም ተጫውቶ ያውቃል፤ በ2010 ዓ.ም ማብቂያ ሴራሊዮንን 1 ለ 0 ያሸነፈው በሀዋሳ ነው።

ሽመልስ የግብፅ ቆይታውን አጠናቅቆ ወደ ሀገር ቤት ሲመለስ በመቻል ክለብ ፈረመ። መቻል በ2016 ዓ.ም የውድድር ዘመን ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር እስከ መጨረሻው ተፎካክሮ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ከ30 ዓመት ዕድሜ ያለፈው አማካይም በዚያ ቡድን ግብ ያስቆጥር ነበር። ስለ እሱ በአማርኛ የተጻፈው ግን አብዛኛው የዝውውር ዜናና የጨዋታ ውጤት ነው። በግብፅ ያስቆጠራቸው ግቦች፣ የተጫወታቸው ጨዋታዎች፣ አብረውት የተጫወቱት ሰዎች ምስክርነት በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አይገኝም። የ1954ቱን ዋንጫ ካነሱት ተጫዋቾች ብዙዎቹ ታሪካቸው በአግባቡ ሳይጻፍ አርፈዋል። የሀዋሳ ከተማ ክለብ፣ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና የስፖርት ጋዜጠኞች የዚህን ትውልድ መዝገብ ሰዎቹ በሕይወት፣ ትዝታቸውም ትኩስ ሳለ ቢያሰናዱ መልካም ነው።